ዞሮ ዞሮ

ኔሊዳ፣ ዛሬ ሌሊት ክቡ ገጠመ።
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አፉን ከፍቶ የቆመ
ያ የእርሳስሽ መስመር
ጫፉ ከጫፉ ደርሶ፣ ከመነሻው ታተመ።

አታካማ እንደምታውቂው ነው፤
አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል፣
ምድሩ ዝናብን በወሬ ያውቃል።
ጣሪያው ሲከፈት ብረቱ ዛሬም
እንደ ሰባራ ጋሪ ይጮሃል፤
ዘይት አጠጣነው፣ አልተወም።

ኮከባችንም ያው ነው፤ ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ፤
የኛን ፀሐይ ይመስላል፣ በመልክም በዕድሜም አቻ።
በቴሌስኮፑ ሲያዩት የጨው ቅንጣት ያህላል፣
ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል።

አንቺ ግን አላመንሽም።
በመጀመሪያው የብርድ ወር፣ ጓንትሽን በጥርስሽ አውልቀሽ፣
«አልቆመም» አልሽኝ፤ «ይወዛወዛል።
የሆነ ነገር ይጎትተዋል፤
ትልቅ፣ ጨለማ፣
ራሱን ደብቆ
ክብደቱን መደበቅ ያልቻለ።»

ወደኛ ሲመጣ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣
ሲርቅ ወደ ቀይ፤
ልዩነቱ የፀጉር ስንጣቂ።
ያ ሁሉ እሳት በፈረስ ግልቢያ ፍጥነት
ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል።
ከዚያች ስንጣቂ ነው ግዙፉን የመዘዝነው፣
ምድራችንን ሦስት መቶ ጊዜ የሚመዝን፣
ላዩ ማዕበል፣ ውስጡ ማዕበል፣
እግር የሚያሳርፉበት መሬት የሌለው።

ወጥ ሠሪው ኢላሪዮ፣ እኩለ ሌሊት ሾርባ ሲጨልፍ፣
እንደ ልማዱ ዘንድሮም ጠየቀኝ፤
— አያችሁት?
— አላየነውም።
— በአሥራ አራት ዓመት?
— በአሥራ አራት ዓመት።
ጭልፋውን አንጠልጥሎ አሰበ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ነበር።
«እኔም የሚስቴን ኩርፊያ አይቼው አላውቅም» አለ፤
«ፊቷ ያው ነው።
በር ስትዘጋ ነው የማውቀው።»

የዛሬው ብርሃን ከኮከቡ ሲነሣ
የኢላሪዮ አያት በሳንታ ብሪሂዳ ናይትሬት ይቆፍር ነበር፤
ከተማዋ የማርሽ ባንድ ነበራት፣ ቲያትር ነበራት፣
ለእሁድ ብቻ የሚለበስ ነጭ ሸሚዝ ነበራት።
ብርሃኑ መንገድ ላይ ሳለ
ማዕድኑ ረከሰ፣ ሰዉ ተበተነ፣
ቆርቆሮው ከጣሪያ ተነቅሎ ተሸጠ፤
ከዚያ ሁሉ ዛሬ የቀረው መቃብሩ ነው፣
የቆርቆሮ አበባው ለነፋስ የሚንኳኳ።
ብርሃኑ ግን ወሬውን አልሰማም። ደረሰ።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላሉ፤
ይሄኛው ዞሮ ዞሮ ከደጅ ነው።
ኮከቡ በሩን አይከፍትለት፣ ገመዱን አይፈታለት፤
አይገባ ነገር ይፈጀዋል፣
አይሄድ ነገር ይዞታል።
ብቻ ሲዞር፣ ሲዞር፣
የያዘውንም እያወዛወዘ ይኖራል።
እኔ መቼም እዚህ ስመጣ ለሁለት ዓመት ነበር፤
ኮንትራቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

አሥር ሰዓት ሌሊት ላይ ደወልኩልሽ።
ላ ሴሬና ጭጋግ ነው አልሽኝ፤
ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ ጭጋጉን በአፍንጫሽ እንደምታውቂው፣
የባሕር አረም እንደሚሸት።
«ገጠመ» አልኩሽ።
«ስሕተቱስ ስንት ነው?» አልሽ፣ እንደ ጥንቱ፣ ሰላምታ ሳታስቀድሚ።
ነገርኩሽ።
«ጣሪያውስ? ዛሬም ያለቅሳል?»
ስልኩን ወደ ላይ ይዤ ቁልፉን ተጫንኩት፤
ብረቱ ከዳር እስከ ዳር እየጮኸ ተዘጋ።

ከዚያ ዝም አልሽ።
በዚያ በኩል፣ ከእንጨት ወለል ላይ፣
ወንበርሽ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤
ወዲህ፣
ወዲያ፣
ወዲህ።

እርሳስ አነሣሁና ሰዓቱን ጻፍኩ።